ካሜራዬን የበላው የጋቢ ክር

ክሩ ከአውራ ጣት ጥፍር አይረዝምም። ነጭ ነው። እናቴ በሰው እጅ ከላከችልኝ ጋቢ ላይ የወጣ። ገና የሰባት ወር ክፍያ የቀረብኝን ካሜራ ጨው ውሃ ያጠጣብኝ እሱ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፤ አሁን አሁን እኔም እስቃለሁ።

የምኖረው ሳን ዲዬጎ ነው። እንጀራዬ ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ማንሳት ነው። ታዲያ ሁዳዴ ሲገባ የሐበሻ ሠርግ የለም፣ ስልኬ ለሁለት ወር ያህል ጭጭ ይላል። የቤት ኪራይ ግን አይጾምም። በዚያ ሰሞን ላ ሆያ ሾርስ በሚባለው የባህር ዳርቻ፣ ሰርፍ (ቦርድ በሚሉት ሰሌዳ ላይ ቆሞ በማዕበል መንሸራተት) የሚማሩ ሰዎችን ውሃ ውስጥ ገብቶ ፎቶ እያነሳ ለቤተሰቦቻቸው የሚሸጥ ሰውዬ ረዳት ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ደወልኩ። ስድሳን ያለፈ፣ ፀሐይና ጨው ፊቱን እንደ ቋንጣ ያደረቀው ሰው ነው። በልቤ "ጋሼ" እለዋለሁ። እሱ ይህን አያውቅም።

"ዋና ትችላለህ?" አለኝ።

"እንዴታ!"

የእኔ ዋና ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ ጊዮን ሆቴል ገንዳ ውስጥ ከዳር ዳር። ከዚያ ደግሞ ላንጋኖ፣ ከጓደኞቼ ጋር እስከ ወገብ ገብቶ መንቦራጨቅ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ላንጋኖ ትንሽ ይናጣል፤ ከዚያ ውጪ ማዕበል የሚባል ነገር አላውቅም። ባህርን በዓይኔ ያየሁት እንኳ ሃያ ሰባት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው።

ጋሼ ለሁለት ሳምንት ካሜራ የሚባል ነገር የለም አለኝ። ዌትሱት የሚሉትን ብርድ የሚከላከል የጎማ ልብስ ልበስ፣ ፊን አጥልቅና ዋኝ። ፊን ያው እንደ ዳክዬ እግር የሰፋው የዋና ጫማ ነው፤ ፎቶ አንሺው ሰርፍ ቦርድ የለውም፣ አንድ እጁም በካሜራ ስለሚያዝ ሞተሩ እግሩ ብቻ ነው። ማዕበል ሲመጣብህ አትሽሽ፣ ወደ እሱ ሂድና ከሥሩ ጥለቅ። ከመግባትህ በፊት አሸዋው ላይ ቁጭ ብለህ ሃያ ደቂቃ እይ፣ ትልልቆቹ በቡድን በቡድን ነው የሚመጡት፣ ስንት ስንት ሆነው እንደሚመጡና በመሃል ለስንት ደቂቃ ፀጥ እንደሚል ቁጠር። ስትገባ ደግሞ እግርህን አታንሳ፣ አሸዋው ላይ እየጎተትክ ሂድ፣ ምክንያቱም እዚህ ስቲንግሬይ የሚባል ጅራቱ መርዛም የሆነ ጠፍጣፋ ዓሣ አሸዋ ተከናንቦ ይተኛል፣ ከረገጥከው ይወጋሃል፣ እየጎተትክ መሄድህ ከተሰማው ግን ራሱ ይሸሻል።

ይህን ሁሉ ነገረኝ። እኔ "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" እላለሁ።

አራት ቀን አደረግኩት። ወሩ መጋቢት ነው፣ ውሃው 15 ዲግሪ አካባቢ። ዌትሱቱን ለብሰህም ቢሆን ውሃው በአንገትህ ገብቶ በጀርባህ ሲወርድ "ኧረ በሕግ!" ያሰኛል። በአምስተኛው ቀን "በቃ ለምጄዋለሁ፣ ካሜራዬን ላምጣ" አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ አየኝና "ካሜራው ያንተ ነው" አለኝ። ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

መጀመሪያ ላይ ካሜራውን ሃውዚንጉ ውስጥ የሚከትልኝ እሱ ነበር። ሃውዚንግ ውሃ የማያስገባ የካሜራ ቤት ማለት ነው። ከፊቱ ዶም የሚሉት እንደ ግማሽ ኳስ ያበጠ መስኮት አለው፣ ከኋላው ክዳን። ክዳኑ የሚገጥምበት ቦታ ላይ ደግሞ አንድ የጎማ ቀለበት አለ፣ ኦሪንግ። መኪና የነካካ ሰው ያውቀዋል። እንግዲህ ያን ሁሉ ዶላር የፈሰሰበትን ዕቃ ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚለየው ከፓስታ ብዙም የማይወፍር ጎማ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ስድስት መቶ ፎቶ አነሳሁ። ከስድስት መቶው አራት ተረፈ። ሌላው ሰማይ ነው፣ የሰው ጉልበት ነው፣ ወይ ደግሞ ፊት ላይ የተደፋ የውሃ ጠብታ። ሠርግ ላይ ሙሽሪትን "ትንሽ ወደ ግራ" ትላታለህ። እዚህ ማንን ነው የምትለው? ሌንሱ ፊሽአይ ነው፣ በጣም ሰፊ የሚያይ፣ ስለዚህ ሰውየው አንድ ሜትር ያህል ካልቀረበህ ፎቶው ላይ እንደ ዝንብ ያንሳል። አንድ ሜትር ማለት ደግሞ ቦርዱ ከጆሮህ አጠገብ ያልፋል ማለት ነው። ዓይንህን ካሜራው ላይ ለጥፈህ የምታይበት ጊዜ የለም። እጅህን ዘርግተህ በግምት ነው የምትተኩሰው። ፎከሱን አንድ ሜትር አካባቢ ላይ አቁመህ ቀለበቱ እንዳይዞር በፕላስተር ትለጥፈዋለህ፣ ሸተሩን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትበትን ፍጥነት፣ ከ1/1000 ሰከንድ አታዘገይም፣ አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፣ 8 ላይ ትተወዋለህ፣ ከዚያ በኋላ ሥራው የካሜራ መሆኑ ቀርቶ የእግር ይሆናል።

ደግሞ ምራቁ አለ! ጋሼ ማዕበል ከመምጣቱ በፊት ዶሙን እንደ ድመት በምላሱ ይልሰዋል። የመጀመሪያ ቀን ሳየው ሰውየው ነካ ያደርገዋል እንዴ ብዬ ነበር። ለካ ምራቅ የነካው ዶም ላይ ውሃ ጠብታ ሠርቶ አይቆምም፣ ስስ ሆኖ ይዘረጋና ፎቶውን አያበላሽም። አሁን እኔም እልሳለሁ። ጣዕሙን አትጠይቁኝ።

የክሩ ቀን ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ነው። ባህሩ በምዕራብ በኩል ስለሆነ ፀሐይ ከጀርባችን፣ ከከተማው በኩል ነው የምትወጣው፤ የማዕበሉን ፊት ቀጥ ብላ ታበራዋለች። ነፋሱም ከየብስ ወደ ባህር ይነፍሳል። ይህ ነፋስ ሲኖር ማዕበሉ እንደ ብርጭቆ ይለሰልሳል፣ ረፋዱ ላይ ግን ይዞርና ሁሉንም ያተራምሰዋል። ጋሼ አልመጣም፣ መንገድ ተዘግቶበታል። ተማሪዎቹ ውሃ ገብተዋል። እኔ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያ ሁሉ ብርሃን በከንቱ ሲያልፍ አያለሁ።

"ዛሬ ራሴ እከተዋለሁ፤ ምን ያቅተኛል?"

ዶሙ እንዳይጫር ብዬ ጋቢዬን የኋላ ወንበር ላይ አነጠፍኩ። ሃውዚንጉን ከፈትኩ፣ ካሜራውን አስገባሁ፣ ኦሪንጉን በስሱ ቅባት አስነካሁ፣ ገጠምኩ፣ ቆለፍኩ። እንዲህ ስጽፈው እንኳ ጥንቃቄ ይመስላል እኮ! ቅባት የነካው ጎማ የጥጥ ጨርቅ ላይ ከተቀመጠ ግን ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል። ሌላ የዘለልኩትም ነገር አለ። ጋሼ ሁልጊዜ ከመግባቱ በፊት ሃውዚንጉን የውሃ ባልዲ ውስጥ ነክሮ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጭኖ፣ አረፋ ይወጣ እንደሆነ ያያል። ባልዲው መኪናዬ ውስጥ ነበር። ውሃ ለመቅዳት ቧንቧው ድረስ መሄድ አስጠላኝ። ሃምሳ ሜትር ቢሆን ነው።

ሃያ ደቂቃ ያህል የዕድሜዬን ምርጥ ፎቶ አነሳሁ። ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦርዱ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች፣ አፏን ከፍታ፣ ሁለት እጇን እንደ ወፍ ዘርግታ በአጠገቤ አለፈች። ተኮስኩ። ደስ ብሎኝ ዶሙን ልልስ ስጠጋ ከውስጥ በኩል አንድ መስመር አየሁ። ካሜራውን ሳዘነብለው መስመሩም ያዘነብላል፣ ልክ እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ።

ውሃ ገብቷል።

ያኔ አውቃለሁ የሚል ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ። ሃውዚንጉን እንደ ታቦት ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ፣ ዶሙን ወደ ሰማይ፣ በአንድ እጄ ወደ ዳር መዋኘት። እዋኛለሁ፣ ዳሩ ግን አይቀርብም። እንዲያውም ይርቃል። ማዕበል ወደ ዳር የገፋው ውሃ የሚመለስበት ጠባብ መውጫ አለው፣ ሪፕ ይሉታል፤ እኔ በትክክል መሃሉ ላይ ነኝ። ጋሼ እኮ በዚሁ ውሃ ነበር ሳይደክም ወደ ውስጥ የሚገባው፣ "ነጻ ታክሲ" ይለዋል። ለመውጣት ግን ነጻ ታክሲ የለም። እግሬ እሳት ሆነ። አንድ ማዕበል ከኋላዬ መጥቶ ደፈቀኝ፣ ጨው ውሃ ጠጣሁ፣ ሌላ ደገመኝ።

ፉጨት ሰማሁ። ጋሼ ደርሶ አሸዋው ላይ ቆሟል። አንድ እጁን ወደ ጎን ይወዘውዛል፣ በሌላው መሬት መሬቱን ያሳየኛል። የጎኑ ገባኝ። ከጅረቱ ጋር አትታገል፣ ዳርቻውን ይዘህ ወደ ጎን ዋኝ ማለቱ ነው። ዋኘሁ። መቶ ሜትር እንኳ አይሆንም፣ ጉተታው ለቀቀኝና የሚሰበሩት ማዕበሎች ራሳቸው ገፍተው አወጡኝ።

መሬት ያሳየኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። ዶሙን ወደታች ድፋው ማለቱ ነበር። ወደታች ሲደፋ ውሃው ዶሙ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ካሜራው ከላይ ይቀራል፣ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ታገኛለህ። እኔ ግን ወደ ሰማይ አንጋጥጬ ውሃውን በሙሉ ካሜራው ጀርባ ላይ አፈሰስኩት። ይሄ አንሶኝ ደግሞ ከፍቼ እንዳወጣሁት በሕይወት አለ ወይ ብዬ ማብሪያውን ተጫንኩት። ጋሼ "ባትሪውን አውጣ!" እያለ ሲሮጥ እኔ ማብራቴ ነው። ጨው ውሃ የገባበትን ዕቃ ኤሌክትሪክ ለቀህበት ማለት በቃ ገደልከው። አንድ ጊዜ ብልጭ አለ። ዳግመኛ አልበራም። ኢንሹራንሱ ጋ ደወልኩ፣ ውሃ አይመለከተንም አሉኝ።

ጋሼ አልተቆጣኝም፣ ይሄ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ። መኪናው ኮፈን ላይ ሃውዚንጉን አስቀምጦ፣ የግንባር ባትሪውን አብርቶ፣ ኦሪንጉን በጣቱ እየዳሰሰ ዞረው። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። በወረንጦ መዘዘ። ክሩ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ጋቢውን አሳየሁት። ዳበሰው። "የሚያምር ነገር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ከካሜራ አሥር ሜትር ይራቅ" አለኝ።

ከዚያ ቁጭ ብለን ስለ ድሮ ሰዎች አወራኝ። በፈረንጅ 1930ዎቹ ጆን ቦል የሚባል የካሊፎርኒያ ጥርስ ሐኪም ለካሜራው ውሃ የማያስገባ ሳጥን በገዛ እጁ ሠርቶ ሰርፈሮችን ያነሳ ነበር። ራሱ ስለሠራው ውሃ በየት ሊገባበት እንደሚችል ያውቃል። ሃዋይ ያለው ክላርክ ሊትል ደግሞ በፈረንጅ 2007 ሚስቱ ለመኝታ ቤት ግድግዳ የማዕበል ፎቶ ስትፈልግ፣ ከመግዛት ራሴ ላንሳው ብሎ ገባ፤ ዛሬ ዓለም ያውቀዋል። "ታዲያ እሱም እንደኔ ዘው ብሎ ነው የገባው" አልኩት። "ካሜራ ከመያዙ በፊት እዚያው ማዕበል ውስጥ ስንት ዓመት ሲሰርፍ እንደኖረ ታውቃለህ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አራት ቀን ነበረኝ።

ማታ እናቴ ደወለች። ካሜራው ተበላሸ ብቻ አልኳት፣ ስለ ሪፑም ትንሽ።

"ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፣ ልጄ። ሠርግ ምን አለበት?"

"ሁዳዴ ነው እኮ እማዬ።"

"እና ፋሲካ እስኪደርስ ባህር ትገባለህ?" አለችና ዝም አለች። ቀጥላ "ጋቢው ይሞቃል?" አለችኝ። ይሞቃል አልኳት።

ሜሞሪ ካርዱ ተርፏል። በንጹሕ ውሃ አለቅልቀን ሁለት ቀን ካደረቅነው በኋላ ተከፈተ። የልጅቷ ፎቶ ከነእጆቿ አለ። አባቷ በሠላሳ ዶላር ገዛው። የካሜራዬ የመጨረሻ ገቢ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲያ የተውኳቸውን አሥር ቀናት ያለ ካሜራ ጨረስኩ። አሁን ያገለገለ ካሜራ ገዝቼ እሠራለሁ። የምከተው ከማታው ነው፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ጨርቅ በሌለበት። ሞቃት መኪና ውስጥ ከዘጋኸው ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ዶሙ ከውስጥ ላብ ያልበዋል፤ ስለዚህ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛትን እርጥበት የምትመጥ ከረጢት አብሬ እከታለሁ። ስወጣ ሃውዚንጉን ሳልከፍት በንጹሕ ውሃ አጥበዋለሁ፣ ፀጉሬንና የዌትሱቴን እጅጌ ሳላደርቅም ክዳኑን አልነካም። አንድ ጠብታ ከፀጉርህ ክፍት ካሜራ ላይ ከወደቀ ባህር መግባትም አያስፈልግህም። ባልዲው ደግሞ ማታ ተሞልቶ ነው የሚያድረው፣ ቧንቧው ሩቅ ነው እንዳልል።

ክሩን ጋሼ አልጣለውም። ባልዲው ክዳን ላይ በፕላስተር ለጥፎት፣ በማርከር ቀኑን ጽፎበታል። ባለፈው ሳምንት አዲስ ልጅ መጣ፣ ገና ሃያ ያልሞላው። ክዳኑን አየና "ይሄ የማን ፀጉር ነው?" አለኝ።

"ፀጉር አይደለም፣ ጋቢ ነው።"

"ጋቢ ምንድን ነው?"

ጥጡ ከሚፈተልበት ጀምሬ ሳስረዳው ብርሃኑ አለፈ።