ምርቃና መስሎኝ ነበር

ድሬዳዋ ላይ የግንባታ ሥራ የሚጀመረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ግንቦት ላይ ከሆነ እንዲያውም ገና ጎህ ሲቀድ። ረፋድ 5 ሰዓት ሲሆን የአካፋው ብረት አያስነካም። ስለዚህ ጠዋት ትሠራለህ፣ ቀትር ላይ ጥላ ትገባለህ። ምሳ ይበላል፣ ጫት ይቀነጠሳል፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ሰፈሩ እንደገና ነፍስ ይዘራል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው መጀመሪያ ይገረማል። ቀጥሎ ይናደዳል። በሦስተኛው ሳምንት እሱም ሽርጥ ገዝቶ ጥላ ሥር ይጋደማል። እኔ ጥላ ሥር ለመጋደም እስከ ሦስተኛው ሳምንት እንኳ አልቆየሁም።

ነገሩ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው በኩል አንድ ሰው ግቢው ውስጥ መጋዘንና ሦስት ክፍል ቤት ሊያሠራ ቀጠረኝ። ብሎኬት ተወዶበታል። ሲሚንቶ ብዙ የማይበላ ነገር ካለ አምጣ አለኝ። እኔም ትምህርት ቤት ያየሁትን የአፈር ጡብ አነሳሁ። ከግቢው የሚቆፈር አፈር፣ ትንሽ አሸዋ፣ ትንሽ ሲሚንቶ፣ በእጅ የሚጫን ፕሬስ። በቃ።

«ጭቃ ቤት ነው የምትለኝ?» አለ።

«አይደለም፣ እርስዎ ይህ ከጭቃ...»

«አንቱ አትበለኝ፣ አታስረጀኝ። ጭቃ ነው ወይስ አይደለም?»

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም። ጥያቄው ግን የቀልድ አልነበረም። ሰውየው በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በወሰደ ጊዜ፣ ቤቱ ወንዙ ዳር ነበር። የጭቃ ቤት ውሃ ሲገባው ምን እንደሚሆን በዓይኑ አይቷል። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በአንድ ሌሊት ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ቃል ገባሁለት። «ጡቡን ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳድረህ አውጣው። ከፈረሰ አትክፈለኝ።»

እንደዚህ ዓይነት ቃል የሚገባው የሁለተኛ ዓመት ኢንጂነር ብቻ ነው።

ፕሬሷ ቀላል ማሽን ናት። ሲንቫ ራም ይሏታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ፣ ራውል ራሚሬዝ የሚባል ቺሊያዊ መሐንዲስ ቦጎታ ውስጥ የፈጠራት ናት። ሲንቫ ይሠራበት የነበረው የቤቶች ማዕከል አጭር ስም ነው፤ ራም ደግሞ ከራሱ ስም የተቆረጠ ነው። ሞተር የላትም፣ መብራት አትፈልግም። የእኛዋ ብየዳ ቤት የተኮረጀች ነበረች፤ ክዳኗ ትንሽ ይንሻፈፍ ነበር፣ ግን ትሠራለች። ክዳኑን ከፍተህ ሳጥኑን በአፈር ትሞላለህ። ትዘጋለህ። ረጅሙን ዘንግ ወደ ላይ አዙረህ ትቆልፍና በሌላው በኩል ወደ ታች ትጫነዋለህ። ከሥር ያለው ብረት ይነሳና አፈሩን ከክዳኑ ጋር ያጣብቀዋል። ከዚያ ክዳኑን ከፍተህ ዘንጉን ወደ ሌላው አቅጣጫ ስትገፋው ጡቡ ብቅ ይላል። 29 ተኩል በ14 በ9 ሴንቲ ሜትር። ትኩስ ዳቦ ከምጣድ የወጣ ነው የሚመስለው።

አፈሩን በደንብ አጠናሁ። እዚህ ላይ ራሴን አልወቅስም። ሥርና ብስባሽ ያለበትን የላይኛውን 40 ሴንቲ ሜትር አስወገድን። ከሥሩ የወጣውን ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር ንጬ አሳደርኩት። አሸዋው ከታች፣ ደለሉ መሃል፣ ሸክላው ከላይ ተደረደረ። ሸክላው በዛ፤ እንዲህ ያለው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የወንዝ አሸዋ ጨመርንበት። ለአንድ ባልዲ ሲሚንቶ 14 ባልዲ አፈርና አሸዋ። ውሃውን ደግሞ በጡጫ ትለካዋለህ። የተቦካውን ጨብጠህ ኳስ ታደርግና ከደረትህ ከፍታ ጠጣር መሬት ላይ ትጥለዋለህ። እንደ ዱቄት ከተበተነ ደርቋል፤ እንደ ሊጥ ከተለጠፈ ውሃ በዝቶበታል። አራት አምስት ቦታ ከተሰበረ ልክ ነው። የድሬ ፀሐይ ላይ ይህን ኳስ በየሩብ ሰዓቱ ነው የምትጥለው። ጠዋት ልክ የነበረው ረፋድ ላይ ዱቄት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሠራተኞቹን የምከፍለው በቀን ነበር። አንድ ይነፋል፣ አንድ ያቦካል፣ አንድ ይሞላል፣ ሁለት ጎረምሶች ዘንጉን ይጎትታሉ። ጠዋት 140፣ ከሰዓት 100 ጡብ። አንድ ካሬ ግድግዳ 33 ያህል ጡብ ይበላል። ለመጋዘኑና ለክፍሎቹ 4,000 ያህል ያስፈልገኛል። ጡቡ ከተሠራ በኋላ ደግሞ 28 ቀን ጠብቆ ነው ግንብ ላይ የሚወጣው። ክረምቱ እየመጣ ነው። ሌሊት ካልኩሌተር ይዤ እቀመጣለሁ፤ ሒሳቡ ግን አይገጥምም።

ሰኞ ጠዋት ሰብስቤያቸው «ከዛሬ ጀምሮ ክፍያው በጡብ ቁጥር ነው» አልኳቸው። ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ።

በዚያው ቀን 400 ወጣ። ጠዋት 170፣ ከሰዓት 230። በማግስቱም እንደዚያው። የሚገርመው ከሰዓቱ ነበር። በዚያ ሙቀት፣ ምሳ ተበልቶ፣ ሰው ከጠዋቱ ይልቅ ከሰዓት ይሮጣል? ግን ድሬ ነው። ከበርጫ የተነሳ ሰው ተራራ ቢንድ አይገርመኝም። ፎርማኑን «ምርቃናው ነው አይደል?» አልኩት። «ምርቃና ነው አቦ!» ብሎ ሳቀ። አሳሳቁን ዛሬ ሳስበው ሌላ ነገር ይመስለኛል።

ጠዋት ማሽኗ አጠገብ እቆማለሁ። ከሰዓት ግን ጥላዬን አልለቅም፤ ወይም ሚስማርና ላስቲክ ልገዛ ከተማ እወጣለሁ። ማታ ስመለስ ሜትሬን አውጥቼ ጡቦቹን እለካለሁ። 29 ተኩል፣ 14፣ 9። 29 ተኩል፣ 14፣ 9። አንዱም አይዛነፍም። መዝገቤ ላይ በሰማያዊ ስክሪብቶ እጽፋለሁ። እንዲያውም ሌላ ደስታ መጣ። መጀመሪያ ከአንድ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ 90 ጡብ ነበር የሚወጣው። አሁን ከሰዓቱ ላይ 108 ሆነ። ሲሚንቶ ቆጠብን ብዬ ለባለቤቱ ደውዬ ነገርኩት። ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል። ቅይጡ ያው ከሆነ ትርፉ 18 ጡብ ከየት መጣ? ያን ጊዜ ግን ጥያቄው ወደ አእምሮዬ ዝርም አላለ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ባለቤቱ ባልዲ ይዞ መጣ። ቃሌን አልረሳም። ከረድፉ ጫፍ አንዱን ጡብ አነሳና ውሃ ውስጥ ከተተው። ሄደ። በማግስቱ እኔ ስደርስ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ጡቡ ጭኑ ላይ ነው። ምንም ሳይናገር ጥጉን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። እንደ በሶ እጁ ላይ ቀረ።

«ይሄ ነው ጎርፍ የሚችለው?»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሌላ ጡብ ነከርን። ሌላም። ይበልጥ ግራ ያጋባኝ አንዳንዱ ድንጋይ ሆኖ መውጣቱ ነው። በሚስማር ብትቧጭረው እንኳ ጭረት እንጂ ፍርፋሪ የለውም። አንዳንዱ ደግሞ በሶ። አፈሩ ያው፣ ሲሚንቶው ያው፣ እጁም ያው።

መጀመሪያ ሲሚንቶውን ጠረጠርኩ። ከረጢቱን ቀደድኩ፤ አልጓጎለም። ቀጥሎ የቦካው አፈር ቆይቶ እንደሆነ ጠየቅኩ። ሲሚንቶ ያለበት አፈር ውሃ ከነካው በኋላ ከ45 ደቂቃ በላይ ከቆየ ማሽን ውስጥ ሳይገባ መያያዝ ይጀምራል፤ ውሃ ብትጨምርበት ጉልበቱ አይመለስም። ግን ትንሽ በትንሽ ነበር የሚቦካው፤ ማሽኗም ትፈጀዋለች። ፎርማኑ «ውሃው ነው» አለ። የድሬ ውሃ ኖራ አለው፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ ግን ሰው የሚጠጣው ውሃ ሲሚንቶ አይገድልም። በመጨረሻ ዘበኛውን ያዝኩት። ጡቡ በመጀመሪያው ሳምንት እርጥበቱን እንዳያጣ በእርጥብ ጆንያና በላስቲክ ይሸፈናል፤ ጠዋት ማታ ውሃ ይጠጣል። ማታ ማታ የሚያጠጣው እሱ ነው። «ተኝተህ ነው» አልኩት በሰው ፊት። ሽማግሌ ነው። ምንም አልመለሰልኝም። ሦስት ቀን ሰላምታዬን አልተቀበለም፤ ልክም ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። የደረቁትን ጡቦች ወደ መደርደሪያው ቦታ የሚያመላልሱ አንድ እናት ነበሩ፣ የቀን ሠራተኛ። ሻይ ይዤ ቆሜ አያቸዋለሁ። ከቀኙ ረድፍ ሁለት ሁለት ይሸከማሉ። ከግራው ረድፍ ሦስት ሦስት።

«እናቴ፣ ለምንድነው እዚያ ሁለት፣ እዚህ ሦስት?»

«ያኛው የጠዋት ነው፣ ይከብዳል። ይሄ የከሰዓት ነው።»

«የከሰዓት ቢሆንስ?»

ሞኝ እንደሆንኩ አዩኝ። «ይቀላላ!»

«ማን ነገረዎት?»

«ወገቤ።»

ሻዩን አስቀመጥኩ። ጎረቤት ሽንኩርት ከምትሸጥ ልጅ ሚዛን ተዋስኩ። የጠዋቱ 7 ኪሎ። የከሰዓቱ 5 ኪሎ ከ800። ሌላ የጠዋት፣ 7 ከ100። ሌላ የከሰዓት፣ 5 ከ900። ሃያ ያህል መዘንኩ። ከዚያ በኋላ መመዘን አላስፈለገኝም፤ ብድግ ሳደርገው ለእጄም ታወቀው።

ነገሩ ይህ ነው። ፕሬሷ የምትጫነው እስከ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሳጥኑን ጢም አድርገህ ብትሞላው 9 ሴንቲ ሜትር ታወጣለች። አጉድለህ ብትሞላውም 9 ሴንቲ ሜትር ታወጣለች። መልኩ ያው፣ ልኩ ያው። የሚለየው ውስጡ ነው፤ የጎደለው አልታመቀም፣ በተለይ ጥጉ። ጥጉ አፈር የሚያገኘው ሳጥን ሞዪው በጣቱ ጠቅ ጠቅ ካደረገው ነው። ጢም ያለ ሳጥን ላይ ሁለት ጎረምሳ ዘንጉ ላይ ይንጠለጠላል። የጎደለው ላይ አንዱ በአንድ እጁ ይጫነዋል፣ በሌላው ጫቱን ይቀነጥሳል። እኔ ደግሞ በየማታው ሜትር ይዤ፣ ማሽኗ ሊለወጥ የማይችል ያደረገችውን ነገር እለካለሁ። ሳምንት ሙሉ የለካሁት ጡቡን አልነበረም፤ ሳጥኑን ነው።

ተቆጥቼ ሄድኩባቸው። ዘንግ ጎታቹ ቀና ብሎ አየኝ። ልጁ ተናዳጅ አይደለም።

«ኢንጂነር፣ አንተ በቁጥር ነው ያልከን። ቁጥሩን ሰጠንህ።»

«ሌባ ነህ!» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ማንን ሰረቀ? በ40 ዲግሪ ፀሐይ ሰው ላይ በቁጥር ብትፈርድበት፣ ቁጥር ይሰጥሃል። እኔም ብሆን አደርገው ነበር። ፎርማኑም አይቷል፣ ሞዪውም ያውቃል፣ እናትየዋም በወገባቸው ያውቁታል። ማንም አልደበቀኝም። አልጠየቅኩም እንጂ።

ወደ 1,150 የሚጠጋ የከሰዓት ጡብ ተለይቶ ወጣ። ሲሚንቶ ስላለበት ፈጭተህ መልሰህ አትጭነውም። ሰባብረን ወለል ሥር ሞላነው። በሲሚንቶ ሲሰላ 11 ከረጢት ነው፤ ግማሹን ከደመወዜ ቆረጥኩ። ባለቤቱ ቀሪውን ተወልኝ፣ ባልዲውን ግን ግቢው በር ላይ አስቀመጠው። ሥራው እስኪያልቅ ከዚያ አልተነሳም። ዘበኛውን ቡና ይዤ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ቡናውን ጠጣው።

ክፍያውን ወደ ቀን መለስኩት፤ ከበፊቱ ላይ ትንሽ ጨምሬ። ቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆርጠን መስፈሪያ አደረግነው። ጢም ይላል፣ በዱላ ይጠረጋል፣ ሳጥኑ ውስጥ ይገለበጣል፣ ጥጉ በጣት ይጠቀጠቃል። ከየሃያው አንዱ ትኩሱን እንደወጣ ይመዘናል፤ ትኩሱ ውሃ ስላለበት ከደረቀው ይከብዳል። ከ7 ኪሎ ተኩል በታች ከሆነ ፈርሶ፣ ገና ሳይያያዝ ወዲያው እንደገና ይጫናል። በቀን 260 ላይ ቆመ። ከዚያ አላለፈም። ክረምቱ ከእኛ ቀደመ፤ ጣሪያው የተመታው መስከረም ላይ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እኚያ እናት መንገዴ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አስረዋል።

«አንተ ልጅ፣ ጡቡን ምን አበላኸው?»

«ምን ሆነ እናቴ?»

«የከሰዓቱም ከበደ! ሁለት ሁለት ብቻ ሆነ እኮ። መመላለሱ ገደለኝ።» ትንሽ ዝም አሉና፣ «ለእነሱ ጨምረሃል አሉኝ። ለእኔስ?»

በዚያው ቅዳሜ ጨመርኩላቸው።