ችግኝ በፖርቶ መጋላ

ግንቦት ነው። ደሴ ውስጥ ትንሽ የችግኝ ቦታ አለችኝ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ግቢያችን ውስጥ ቲማቲምና ቃሪያ ትከልልን አለኝ። 240 ችግኝ። ሥራ ቀዝቅዞብኝ ስለነበር ዋጋውን እንኳን ብዙም አልተከራከርኩም።

ጠዋት ችግኙን በካርቶን አድርጌ ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ጫንኩት። ምንም አላለበስኩትም፣ ያው 25 ኪሎ ሜትር አይደል ብዬ። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ስንወርድ እኔ ጋቢና ቁጭ ብዬ ከሾፌሩ ጋር ስለ ኳስ አወራለሁ፣ ላይ ደግሞ ነፋሱ ቅጠሉን ይገርፈዋል።

ስንደርስ 5 ሰዓት ሆኗል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በልግ አልፏል፣ ክረምት አልገባም፣ አፈሩ ደርቆ ይሞቃል። የግቢው ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው፤ «ልጄ፣ ጥላ ሥር አሳርፈህ ማታ ብትተክለው አይሻልም?» አሉኝ። «አይ አባባ፣ ችግር የለውም፣ ሥራዬ እኮ ነው» አልኳቸው። ይቺን ቃል አሁንም ሳስባት ታሳፍረኛለች።

እስከ 8 ሰዓት ተከልኩ። ቶሎ እንዲይዝ ብዬ በየጉድጓዱ ዩሪያ ማዳበሪያ ጨመርኩበት፣ ከዚያ በጎማ ከላይ ከላይ ረጨሁና ወደ ደሴ ተመለስኩ።

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። ሄጄ ሳየው የተቀቀለ ጎመን መስሏል። ጫፉ የተቃጠለም አለ። ኃላፊው የተናገረኝን ልተወው።

አባባ ግን ምንም አላሉኝም። ቁጢጥ ብለው አንዱ ችግኝ ሥር ጣታቸውን ሰደዱና «ና እይ» አሉኝ። ላዩ ረጥቧል፣ አንድ ጣት ወረድ ሲል ደረቅ ዱቄት ነው። ዩሪያው ደግሞ ሥሩ ላይ ተቀምጧል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጂን ነው፤ ገና ያልያዘ ሥር ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል። ይሄንን አውቃለሁ እኮ! ለሌላ ሰው ስመክር የኖርኩት ነገር ነው።

ዋናው ስህተቴ ግን ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በብርድ፣ በዳስ ጥላ፣ በየቀኑ ውሃ እየጠጣ ያደገ ችግኝ በአንድ ጠዋት ሞቃት ቦታ ወርዶ እኩለ ቀን ላይ ሜዳ ገባ። ሳምንት ሙሉ ውሃ እየቀነስኩ፣ ፀሐይ በጥቂት በጥቂቱ እያሳየሁ ላጠነክረው ይገባ ነበር።

የተረፈው 70 ቢሆን ነው። ሌላውን ከኪሴ ተካሁ። በዚህኛው ዙር ከ11 ሰዓት በኋላ፣ መጀመሪያ ጉድጓዱን ውሃ ሞልተን፣ ውሃው ሲመጠጥ ተከልን። አባባ የጤፍ ጭድ አምጥተው ጎዘጎዙልኝ፣ በየመደቡም ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ሰክተው ጥላ ሠሩለት። ዩሪያው ችግኙ እስኪይዝ ቆየ፤ ከዚያም ከግንዱ ራቅ አድርገን አፈር አለበስነው። ውሃ ማለዳ ብቻ፣ ሥር ሥሩን፣ በደንብ። «አብሽር፣ ይይዛል» አሉኝ፤ ያዘም።

አሁን ኮምቦልቻ ስወርድ ችግኙን ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ። ባለፈው ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ካርቶኖቹን አይቶ «የሦስት ሰው ነው» አለኝ። ከፈልኩ።