ሳይደርቅ ጆንያ አይገባም፦ ለልጆቼ ያነሱ ልብሶችን ስለ ማስቀመጥ

የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ የተሰጣትንም የገዛንላትንም ልብስ አንድ ሳይቀር ላስቀምጥ ወስኜ ነበር። ሕፃን በአንድ ዓመት ውስጥ ከ50 ሳንቲሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 75 ይደርሳልና፣ ዛሬ ሰፊ የመሰለኝ ቱታ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እግሯን ሲይዛት፣ እኔም እያጠብኩና እያጠፍኩ ወደ አንድ ትልቅ ማዳበሪያ ስከት ከረምኩ። በግንቦት ወር አፉን በሲባጎ ጥርቅም አድርጌ አስሬ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ከግድግዳው ጋር አስጠግቼ አቆምኩት። ሁለተኛው ልጄ ሊወለድ አንድ ወር ሲቀረው፣ በቀጣዩ ዓመት መስከረም፣ ማዳበሪያውን ስከፍት የወጣው የሻጋታ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ከሁሉ በላይ የነበረው ነጭ የአራስ ሸሚዝ ነው። ስከተው ንጹሕ ነበር፤ አሁን ግን አንገቱ ዙሪያውን ሻይ የፈሰሰበት መስሎ ቡናማ ሆኗል። ከሥሩ ያሉት ቱታዎች ላይ ጥቁር ጤፍ የተበተነ የሚመስል ነጠብጣብ ወጥቷል፤ ተጭነው የሚዘጉት የብረት ቁልፎችም ዝገው በየጨርቁ ላይ ቀይ ክብ ትተዋል። እናቴ በእጇ የሠራችላት የሱፍ ሹራብ ደግሞ ብብቱ ሥር ሁለት ቦታ ተበሳስቷል። ከዚያ ሁሉ ልብስ ለሁለተኛው ልጄ የተረፈው ሢሶው እንኳ አይሞላም።

በዚያ ቀን ቤቴ የነበሩት ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን በቡና ንግድ ያሳለፉ ሴት ናቸው። አንዱን ቱታ አንሥተው ወገቡን በጣታቸው አሹት።

«ልጄ፣ ቡና እንኳ ሳይደርቅ ጆንያ አይገባም» አሉኝ።

«ደርቆ ነበር እኮ፣ እማማ» ብዬ መለስኩ።

«ላዩ ደርቆ ይሆናል፤ ሆዱ ግን አልደረቀም።»

ይህ አነጋገር የጅማን አየር ለሚያውቅ ሰው ብዙ ይናገራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ በ1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር ዝናብ የምታገኝ ናት፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ልብስ ገመድ ላይ ውሎ በእርጥቡ የሚገባበት ቀን ብዙ ነው። የእኛ ቤት ደግሞ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ስለማይርቅ በክረምት ግድግዳው ራሱ ያልባል። የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ በቀላሉ ይበቅላል፤ በታሰረ ማዳበሪያ ውስጥ የቀረች ጥቂት ወዝም መውጫ ስለማታገኝ እዚያው ትሠራለች። ጎረቤታችን እንደነገሩኝ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የሚደርቅ ቡና፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ እየተገላበጠ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ካልወረደ አይከማችም፤ ከደረቀም በኋላ ጆንያው መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ከግድግዳ ጋርም አይነካካም። እኔ የልጄን ልብስ ሳስቀምጥ ሦስቱንም ሕግ ጥሼ ነበር።

አሁን የሚቀመጠውን ልብስ የማጥበው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ብቻ ነው። በሌላ ወር የጠበበ ልብስ ካለ ታጥቦ አየር በሚያስገባ ቅርጫት ውስጥ ይቆያል እንጂ አይታሸግም። ሕፃን ልብስ ውስጥ እርጥበት የሚደበቀው ድርብ ስፌት ባለበት፣ በወገብ ላስቲኩና በአንገት ጥምዝምዙ ውስጥ ስለሆነ፣ ከገመድ ካወረድኩት በኋላ አንድ ሌሊት ቤት ውስጥ አሳድሬ ጠዋት ስፌቱን ከንፈሬ ላይ አስነካዋለሁ። እጅ የማይለየውን ቅዝቃዜ ከንፈር ይለየዋል። ጥቂት እንኳ ከቀዘቀዘኝ ተመልሶ ፀሐይ ላይ ይወጣል።

የአንገቱ ቡናማ ነገር ግን የእርጥበት ብቻ አልነበረም። ልጅ ያገሳችው ወተት ሲታጠብ የጠፋ ይመስላል፤ ሆኖም በጨርቁ ውስጥ የቀረው ስብና ፕሮቲን ከአየር ጋር እየተዋሐደ ወራት ሲቆይ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። እኔ ደግሞ የፈላ ውኃ የበለጠ ያነጻል ብዬ ወዲያው በሙቅ ውኃ ስዘፈዝፍ ኖሬያለሁ፤ ሙቀቱ ግን ፕሮቲኑን በክሩ ላይ ያጋግረዋል። አሁን በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ዘፍዝፌ አሽቼ ካስለቀቅሁ በኋላ ነው ሙቅ ውኃ የማስከትለው። ስታርችም አላደርግም፣ በረሮና ሌሎች ነፍሳትን ይስባልና። በረኪና ለሱፍ ፈጽሞ አይሆንም፤ ክሩን ይበላዋል።

ስለ ናፍታሊን ከሁሉም በላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ብሉን ያየ ሰው ሁሉ «ናፍታሊን ጣይበት» ብሎ መክሮኛል፤ በአዋቂ ኮት ኪስ ውስጥ የኖረ ልማድ ስለሆነም ማንም ክፉ አስቦ አልመከረኝም። ነገር ግን ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በውርስ የሚያንሳቸው ሕፃናት አሉ። እንዲህ ያለ አራስ ናፍታሊን የቆየበትን ልብስ ሲለብስ ወይም ትነቱን ሲተነፍስ ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈራርሱ ይችላሉ፤ ከፈራረሱት ሴሎች የሚወጣው ቢሊሩቢን ሲበዛም ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ይሆናል፣ ሳይታከም ከቀረም አንጎልን እስከ መጉዳት ይደርሳል። እጥረቱ መኖሩ ሳይመረመር አይታወቅም። ነጩ ክኒን ከረሜላ መስሎ የሚታያት የአራት ዓመት ልጅ ባለችበት ቤት ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። ስለዚህ በሕፃን ልብስ መካከል ናፍታሊን አይገባም፤ ናፍታሊን የሸተተ ልብስ በስጦታ ቢመጣልኝም አመስግኜ እቀበላለሁ እንጂ ለአራስ አላለብሰውም።

ደግሞስ ብል የሚበላው ሱፍንና ሌላ ከእንስሳ የተገኘ ክርን ነው፤ ንጹሕ ጥጥ አያጠግበውም። አብዛኛው የሕፃን ልብስ ጥጥ በመሆኑ የሚያሰጋው ሁለትና ሦስት ሹራብ ብቻ ነው። ሹራቦቹን ለብቻ በጥቅጥቅ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ አስገብቼ አፉን እሰፋዋለሁ። እናቴ በልብስ መካከል አሪቲ ታስቀምጥ ነበርና እኔም አስቀምጣለሁ፤ መዓዛው ልጅነቴን ይመልስልኛል፣ ብሉን የሚያርቀው ግን ንጽሕናውና በዓመት አንዴ አራግፎ ፀሐይ ማስመታቱ ነው።

የትኛው ይቀመጥ ለሚለው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ከዚያ መስከረም ወዲህ ተለውጧል። የሚበረክተውን ብቻ አስቀምጣለሁ። ላስቲኩ የላላ ሱሪ ቢቀመጥ ይብሱን ይላላል፤ ላስቲክ ተጣጥፎ ሲከርም ይደርቃልና። የተነቃነቀ ቁልፍ ወይ ጠብቆ ይሰፋል ወይ ተነቅሎ ይወጣል፤ ሕፃን ቁልፍ ይውጣል። አንገቱና ኮፍያው ላይ ማሰሪያ ገመድ ያለበትን ጃኬት ገመዱን መዝዤ አወጣዋለሁ፤ በአውሮፓ የልብስ ደረጃ ከ7 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በኮፍያና በአንገት ላይ ገመድ የተከለከለው ልጅ ስለሚያንቅ ነው። ወቅቱም ይታሰባል። ልጄ 62 ቁጥር ወፍራም ቱታ የለበሰችው በሐምሌ ነበር፤ በጥቅምት የተወለደው ወንድሟ ግን ያ ቁጥር ልክ የሆነው በጥር ጠራራ ፀሐይ ነው። ከረጢቶቹ ላይ የምጽፈውም «ከ3 እስከ 6 ወር» የሚለውን ሳይሆን በሳንቲሜትር ያለውን ቁጥር፣ 56፣ 62፣ 68 እያልኩ ነው፤ ቁጥሩ የልጁ ቁመት ስለሆነ ወር እንደሚያሳስተው አያሳስትም።

የቀረውን ገና አዲስ ሳለ እሰጣለሁ። ቀድሞ አስቀምጬ አስቀምጬ ሲያረጅ መስጠት በጎ መስሎ ይታየኝ ነበር፤ አሁን ግን የሻገተ ልብስ መስጠት ያሳፍረኛል። አገራችን አዲስ ለለበሰ ሰው «በጤና ቅደደው» ይላል፣ ሕፃን ግን ሳይቀደው ያድጋል። ጎረቤታችን ለልጅ ልጃቸው የሰጠኋቸውን ሰማያዊ ሱሪ ባለፈው ጊዜ ጉልበቱ ላይ ሁለት ቦታ ተቀዶ አየሁት። ሲድህበት እንደቀደደው እያፈሩ ሲነግሩኝ፣ ለእኔ ግን ከዚያ በላይ የሚያስደስት ወሬ አልነበረም።

የማይለበስ ሆኖ የሚቀመጥ ሦስት ነገር ብቻ አለኝ፦ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የለበሰችው ጥልፍ ቀሚስ፣ ከሆስፒታል የወጣችበት ኮፍያ፣ የእናቴ ሹራብ። ቀሚሱ የተጠቀለለው በአሮጌ የታጠበ ነጭ ነጠላ ነው፤ ጋዜጣ ቀለሙን ያጋባል፣ ፌስታልም ወዝ ይይዛል። በየዓመቱ ኅዳር ላይ አውጥቼ በሌላ መስመር አጥፈዋለሁ፣ ሁልጊዜ በአንድ እጥፋት የሚታጠፍ ጨርቅ እዚያው ላይ ይሳሳልና። ሦስቱ ያሉበት ሣጥን በሁለት እንጨት ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ተቀምጧል።

ሹራቡን ዘንድሮ ለእናቴ ወሰድኩላት። ቀዳዳዎቹን በጣቷ ከፍታ አየች፣ ከዚያም ከስፌት ዕቃዋ ውስጥ ያንኑ ብጫ ክር አወጣች፤ ከሠራችው ተርፎ ያስቀመጠችው ነበር። የተደፈነበት ቦታ ከቀረው ትንሽ ይደምቃል፣ ያኛው በፀሐይ ደብዝዟልና። ልጄ ጉድለቱን ወዲያው አግኝታ «እዚህ ጋ አዲስ ነው» አለች።