ሦስተኛው ዓምድ፦ የጳውሎስን መልእክታት ዓመት ስፈልግ የቆየሁባቸው ስድስት ወራት

ስድስት ወር ሞላኝ። ስጀምር ዕቅዴ ቀላል ነበር። ደብተር ገዝቼ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦ መልእክቱ፣ ጸሐፊው፣ የተጻፈበት ዓመት። በሁለት ሳምንት ሞልቼ የምገላገለው መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሦስተኛው ዓምድ ስርዝ ድልዝ ብቻ ሆኗል።

የመጀመሪያውን ጉዴን ልናገርና ይውጣልኝ። ጳውሎስ ቆሮንቶስ የነበረው መቼ ነው ብዬ ስፈልግ አንዱ መጽሐፍ 51 አለኝ፣ ሌላው 43። ደስ አለኝ! «ሊቃውንቱ በስምንት ዓመት ይለያያሉ» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ። የማን ማስረጃ እንደሚያይል ሁለት ገጽ ሙሉ ተከራከርኩ፤ ያውም ከራሴ ጋር። ለካ የመጀመሪያው በአውሮፓውያን፣ ሁለተኛው በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፉት! ሁለቱም አንድ ነገር ነው የሚሉት። አሁን ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ «እኛ» ወይም «አ» ብዬ ምልክት አደርጋለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ «አ» ናቸው።

ጳውሎስ መልእክቶቹ ላይ ዓመት አይጽፍም። ስለዚህ ገመዱን የምናስርበት ችካል ከውጭ መምጣት አለበት። ችካሉ ድንጋይ ላይ ተገኘ።

ሐዋርያት ሥራ 18፥12 ላይ፣ ጋልዮስ የአካይያ (ቆሮንቶስ ያለችበት ግዛት) አገረ ገዥ ሳለ አይሁድ ጳውሎስን ወደ ፍርድ ወንበር አመጡት ይላል። ይህ ጋልዮስ የፈላስፋው የሴኔካ ወንድም ነው። ግሪክ ውስጥ ደልፊ ላይ በተገኙ የድንጋይ ስብርባሪዎች ላይ ደግሞ የንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ ደብዳቤ ተቀርጿል፤ የጋልዮስ ስም አለበት። ደብዳቤው «ይህ ዓመት» አይልም። ግን ቀላውዴዎስ «ኢምፔራቶር» (ከድል በኋላ የሚሰጥ፣ እየተቆጠረ የሚሄድ የክብር ውዳሴ ነው) ተብሎ የተወደሰው ለ26ኛ ጊዜ እንደሆነ ይናገራል። ኦገስት 1 ቀን 52 የተመረቀው የሮም የውኃ ቦይ ላይ ግን 27ኛ ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ የደልፊው ደብዳቤ ከዚያ ይቀድማል። እንደ ጋልዮስ ያለ አገረ ገዥ በልማድ የሚሾመው ለአንድ ዓመት ነበር። ብዙዎቹ ሊቃውንት ከ51 አጋማሽ እስከ 52 አጋማሽ ያደርጉታል።

ይህን ያነበብኩ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የንጉሡ ውዳሴ ቆጠራና የውኃ ቦይ ምርቃት ተደማምረው የጳውሎስን ዘመን ያወጣሉ! ጳውሎስ በቆሮንቶስ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጧል። አንደኛ ተሰሎንቄን የጻፈው ጢሞቴዎስ ከተሰሎንቄ እንደተመለሰ ነው፤ ያ ደግሞ ቆሮንቶስ ሳለ ነው። ስለዚህ ወደ 50 ወይም 51 ግድም ይወድቃል። ከዚህ ተነስቶ ወደፊትም ወደኋላም መቁጠር ነው። ጳውሎስ ገላትያ ላይ ስለ ኢየሩሳሌም ጉዞዎቹ ሲናገር የሚጠቅሳቸው «ሦስት ዓመት» እና «ዐሥራ አራት ዓመት» የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ዓምድ ቀላል ይመስል ነበር። ሮሜ ምዕራፍ 16ን እስክደርስ። ቁጥር 22 ላይ ጤርጥዮስ የሚባል ሰው ብቅ ብሎ፣ መልእክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሰላም በሉ ይላል። ታዲያ ሮሜን የጻፈው ማነው? መልሱን ያገኘሁት ፍርድ ቤት በር ላይ ነው። ራፖር ጻፊ ጋ ሄዶ አቤቱታ ያጻፈ ሰው አቤቱታው የራሱ ነው፤ ቃላቱ ግን አንዳንዴ የጻፊው ናቸው። በገላትያ መጨረሻ ጳውሎስ ብዕሩን ራሱ ይዞ ፊደሎቼን እዩ፣ ምን ያህል ትልልቅ ናቸው ይላል። ፊርማ መሆኑ ነው።

ሰባቱን (ሮሜ፣ ሁለቱ ቆሮንቶስ፣ ገላትያ፣ ፊልጵስዩስ፣ አንደኛ ተሰሎንቄ፣ ፊልሞና) የሚጠራጠር ተመራማሪ የለም ማለት ይቻላል። ቀሪዎቹ ላይ ክርክር አለ። ራፖር ጻፊ የአጻጻፍ ልዩነቱን በከፊል ያስረዳል፤ ጢሞቴዎስና ቲቶ ላይ ግን ለእኔ አልበቃኝም። እዚያ የሚለወጠው የቃላት ምርጫ ብቻ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኑም አደረጃጀት ነው።

ዕብራውያን ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እኛ ኦርቶዶክሶቹ ቤት የጳውሎስ መልእክታት 14 ናቸው፣ ይህ ከነሱ አንዱ ነው። መልእክቱ ግን ስም አይጠራም። የጥንቱ ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ በርናባስ ነው ብሏል፤ ሉተር አጵሎስን ገመተ። ሌላው የጥንት ሊቅ ኦሪገን ደግሞ ሐሳቡ የሐዋርያው መሆኑን ተቀብሎ፣ የጻፈውን እግዚአብሔር ያውቃል አለ። እኔም ደብተሬ ላይ «ኦሪገን ይሙላው» ብዬ አለፍኩ።

ዓመቱ ግን አስቸገረኝ። መሥዋዕቱ አሁንም እንደሚቀርብ አድርጎ ስለሚናገር፣ መቅደሱ ከፈረሰበት ከ70 በፊት ነው ብዬ ጻፍኩ። በኩራት። ሳምንት ሳይሞላ የሮሙ ጳጳስ ቀሌምንጦስ ለቆሮንቶስ የላከውን መልእክት አነበብኩ። ብዙዎች 96 አካባቢ የሚያደርጉት ነው። እሱም የኢየሩሳሌምን መሥዋዕት ልክ ዛሬ እንዳለ ነገር ያወራል! ሰረዝኩት። ያው ቀሌምንጦስ ግን ከዕብራውያን ይጠቅሳል። ስለዚህ አሁን «ከቀሌምንጦስ በፊት» ብቻ ነው የሚለው።

በዚህ ወር የጀመርኩት ምጥው ለአንበሳ የምንለውን የአንጾኪያውን ጳጳስ አግናጥዮስን ነው። ለሮም ሰዎች ከሰምርኔስ በላከው መልእክት መጨረሻ ላይ የተጻፈበትን ቀን አገኘሁ። በሮማውያኑ አቆጣጠር ኦገስት 24። የዚያን ዘመን ስሌት ተከትዬ ወደ እኛ ስመልሰው ጳጉሜን 1 ሆነ። ሦስት ጊዜ አሰላሁት፤ ጳጉሜን 1 ነው። ቀኑን ጽፎልናል፣ ወሩን ጽፎልናል። ዓመቱን አልጻፈም።