ቀኑ ያለፈበት ባነር

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የማሕፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ክፍሉን የያዝኩትም እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ነገሩ እስከ ዛሬ ስለሚከነክነኝ ነው።

ዓመቱ ሲጀመር ሴቶችን ወደ ክፍሌ የሚልኩልንን ዘረዘርን። ተመላላሽ ክፍል፣ ቤተሰብ ምጣኔ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ኤአርቲ ክፍል፣ ጤና ኤክስቴንሽን። ዝርዝሩን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ የዘመቻው ሳምንት መጣ። ባጃጅ ላይ ማይክ ተጭኖ ከገንደ ቆሬ እስከ ሳቢያን ተዞረ። በሩ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቀለ። ሴቶቹ ጎረፉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ክፍሌ ጭር አለ።

አንድ ቀን ከሰዓት ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ለልጄ የትኩሳት ሽሮፕ ልገዛ መጋላ ካለች ፋርማሲ ገባሁ። ከእኔ በፊት ድሪያ የለበሰች ሴት ቆማለች። ምንም አላለችም። ከመሐረቧ ውስጥ ባዶ የክኒን ማሸጊያ አውጥታ መስታወቱ ላይ አስቀመጠችና በጣቷ ወደ ፋርማሲስቱ ገፋ አደረገችው። ሜትሮኒዳዞል ነው፣ ለኢንፌክሽን የሚሰጥ ክኒን። ሰጣት፣ ከፈለች፣ ወጣች።

«ሲስተር፣ አየሻት?» አለኝ ፋርማሲስቱ።

«አየኋት። ያለ ማዘዣ ነው እንዴ የምትሸጠው?»

«ብመልሳት ቀጥሎ ያለው ሱቅ ይሰጣታል። ከረመዳን ወዲህ ስትመጣ ይህ ሦስተኛዋ ነው። መጀመሪያ ፈሳሽ ነው አለችኝ። ባለፈው ግን ከባሏ ጋር ስትሆን ደም እንደምታይ ነግራኛለች።»

በእኛ ሥራ ይህን ስትሰማ ቀጥ ብለህ ትቀመጣለህ። ከግንኙነት በኋላ የሚመጣ ደም በክኒን የሚታለፍ ነገር አይደለም። ማሕፀን በሩ መታየት አለበት።

«ታዲያ ለምን ወደ እኛ አትልካትም?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ወደ ማን ልላካት? ስንት ቁጥር ክፍል? ማን ነገረኝ? ባነራችሁን አይቻለሁ። ቀኑ ካለፈ ቆይቷል። ዘመቻው አልቋል ብዬ ነው።»

የምመልሰው አጣሁ። ባነሩ ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ብለን በትልቁ ጽፈናል። እኔ በየቀኑ ከሥሩ እያለፍኩ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ሴትየዋ ደግሞ ከክፍሌ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ክኒን ገዝታለች።

እዚያው ባንኮኒው ላይ ትንሽ ወረቀት ቆርጦ ሰጠኝ። የክፍሌን ቁጥርና ስልኬን ጻፍኩ፣ ከሥሩ «በየሥራ ቀኑ» ብዬ ጨመርኩበት። ሁለት ነገር እንዲጠይቅ ተስማማን። ስንተኛ ጊዜሽ ነው? ደም አለው ወይ? ሌላው የእኔ ድርሻ ነው።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ አነሳሁት። ኃላፊያችን «የግል ፋርማሲ በዕቅዳችን የለም» አሉ።

«ሴቶቹ መጀመሪያ የሚሄዱት ግን እሱ ጋ ነው» አልኩ።

«በሪፖርቱ ላይ የት ይገባል?»

ቦታ እናብጅለት አልኩ። ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል በሥራዬ ተናድጄ አላውቅም። ሴት ሰንጠረዥ አይታ አትታመምም።

ሴትየዋ ክኒኑን ጨርሳ ስትመለስ ፋርማሲስቱ በኦሮምኛ አስረዳት። በነጋታው ወረቀቱን አራት አጥፋ በመዳፏ ይዛ መጣች። ሰላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ማየት የሚያስችለንን መክፈቻ፣ ስፔኩለሙን፣ ሳስገባ ማሕፀን በሩ ገና ስነካው ደማ። ጎርበጥባጣ እብጠት ይታያል። የተለወጠውን ቦታ ነጭ አድርጎ የሚያሳየውን የአሴቲክ አሲድ ብልቃጥ አልከፈትኩትም፣ በሙቀት የምናክምበትን ቴርማል አብሌሽኑንም አላነሳሁትም። እንዲህ ያለው በእኛ እጅ የሚታከም አይደለም፣ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። ሪፈር ጽፌ ብቻዋን አልላክኋትም። ባጃጅ ይዘን አብረን ሆስፒታል ሄድን። መንገዱን ሙሉ ወረቀቱን አልለቀቀችውም።

ውጤቱ ካንሰር ነው። ደግነቱ ገና በቀዶ ጥገና የሚደረስበት ነበር፤ ተሠራላት። አሁን ለክትትል ትመጣለች። ግን ከመጀመሪያው ክኒን እስከ እኔ ክፍል የባከኑትን ወራት እቆጥራቸዋለሁ።

ከእሷ በኋላ ፋርማሲስቱ አራት ሴቶች ላከልኝ። ሁለቱ ነጻ ናቸው። የሦስተኛዋ ማሕፀን በር አሲዱ ሲነካው ነጭ ሆኖ ታየ፣ የቅድመ ካንሰር ምልክት ነው። ይህ እንግዲህ ልፋታችን ሁሉ የሆነለት ደረጃ ነው። ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ፣ ኤችፒቪ፣ ሴሉን ለውጦ ወደ ካንሰር እስኪያደርሰው ብዙ ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ያ ሁሉ ዓመት የእኛ ነው፣ ካገኘናት። እሷን እዚያው ወንበር ላይ እንዳለች በቴርማል አብሌሽን አከምናት። ማደንዘዣ የለ፣ መተኛት የለ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተነስታ «አለቀ?» አለችኝ። አለቀ አልኳት፤ እጄን ስማ፣ ከዓመት በኋላ ለማየት ተቀጣጥረን ሄደች። ከዚህ በፊት ስንት ሴቶች በዚህች ወንበር ሳያልፉ እንደቀሩ አስባለሁ።

ባነሩ ላይ ያለውን ቀን በሰፊ ፕላስተር ሸፍኜ «ሁልጊዜ ክፍት ነው» ብዬ በማርከር ጻፍኩበት። በወር ሪፖርቱ ላይ ቦታ ስላልተሠራለት ዳር ዳሩ ላይ በእስክሪብቶ «ከፋርማሲ» እያልኩ እጽፋለሁ።

አራተኛዋ ሴት ግን እስካሁን አልመጣችም። ወረቀቱን ወስዳለች ብሎኛል። ከሥራ ስወጣ በመጋላ በኩል አልፋለሁ። ገና ሳልጠይቀው ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ራሱን ይነቀንቅልኛል።