አፌ ሰይፌን ቀደመ

ከንፈሬ እንዲህ ረጅም መሆኑን እስከዚያ ምሽት ድረስ አላውቅም ነበር። በመስታወት አይቼዋለሁ፣ በፎቶግራፍ አይቼዋለሁ፤ ከአፍንጫ በታች ተቀምጦ ሥራውን የሚሠራ፣ ነገር የማይፈልግ ከንፈር ነበር። ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ በትልቅ ቴሌቪዥን፣ በገዛ ፊልሜ ውስጥ ሳየው ግን ከፊቴ ቀድሞ ለመውጣት የሚታገል ሌላ ፍጡር ሆኖ አገኘሁት።

ፊልሙ የሦስት ደቂቃ የሰይፍ ፍልሚያ ነው። ዘመኑ መጪው ጊዜ፣ ቦታው ስሟ ያልተጠቀሰ ፕላኔት፣ ተፋላሚዎቹ እኔና የአክስቴ ልጅ፣ ሰይፎቹ ደግሞ ነጭ ቀለም የተቀቡ የመጥረጊያ እጀታዎች። ስታር ዋርስ በተባሉት የጠፈር ፊልሞች ውስጥ እንዳሉት የብርሃን ሰይፎች እንዲያበራ፣ እጀታውን በኮምፒውተር ወደ ብርሃን የመለወጡ ሥራ የእኔ ድርሻ ነበር። ሰማያዊው ሰይፌ ከቀዩ ሰይፍ ጋር ገና መጋጨት ሲጀምር፣ አክስቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉና ከልባቸው አዝነው ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ ያ ነገር ያቃጥላል እንዴ? ምነው ደጋግመህ እፍ እፍ ትለዋለህ?»

ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሰይፉን ያየ ሰው የለም። የእህቴ ልጅ የርቀት መቆጣጠሪያውን ነጥቃ ወደ ኋላ መለሰችው፣ አቆመችው፣ እንደገና መለሰችው። እያንዳንዱ ማቆም የተለየ ከንፈር ይዞ ይመጣ ነበር። ሰይፉን ከፍ ሳደርግ ከንፈሬ ክብ ሆኖ ወደ ፊት ይሾላል፤ ያ «ዙምምም» ነው። ወደ ታች ስሰነዝር የታችኛው ከንፈር ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ያ «ቩውውው» ነው። ሁለቱ ሰይፎች ሲጋጩ ጥርሴ ገጥሞ ጉንጬ ይወጠራል፤ «ክሽሽ!»። ምንም ሳላደርግ ቆሜ ባላጋራዬን በቁጣ በማይበት ትዕይንት እንኳን (በጣም የምኮራበት ትዕይንት ነበር) ከንፈሬ በስሱ ይንቀጠቀጣል። ሰይፉ ቆሞም ቢሆን ማጉረምረም አለበትና።

አዎን፣ ድምፁን በአፌ እያወጣሁ ነበር። መጥረጊያ ይዞ የሚወራጭ ሰው አንድ የሚረዳው ነገር ያስፈልገዋል። እንጨት ለብቻው ሲወዛወዝ ልብ አያሞቅም፤ አፍ ሲጨመርበት ነው ሰይፍ የሚሆነው። ደግሞ ድምፁን ከፊልሙ ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ በሌላ ተክቼው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔ ድምፁ ተጠርጎ ጠፍቶ ከንፈሩ ብቻ ምስክር ሆኖ ቀረ።

ለምን ቀድሜ እንዳላየሁት የሚጠይቀኝ ሰው ይህን ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ይሄዳል። ሦስት ደቂቃ 4,320 ፍሬም ነው፤ ሰይፉ ሁለት ሲሆን 8,640። በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ የእጀታውን ጠርዝ ተከትሎ ማስክ፣ ማለትም እጀታውን ከቀረው ምስል የሚለይ ቅርጽ ይሳላል፤ ውስጡ ነጭ ይሆናል፤ ያው ቅርጽ ይገለበጥና ደጋግሞ እየደበዘዘ በዙሪያው ቀለም ይለብሳል። እጀታው በፍጥነት ሲወነጨፍ ካሜራው ሰፊና የደበዘዘ አድርጎ ስለሚይዘው ማስኩም አብሮት መስፋት አለበት። ሰይፉ ከራስ ጀርባ ሲያልፍ በፀጉሩ ልክ መቁረጥ ያስፈልጋል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ፀጉሩን ለማጎፈር የመረጠው ልክ የዚያን ሰሞን ነበር። ይህ ሁሉ የሚሠራው ምስሉን አራት እጥፍ አጉልቶ ነው። አራት እጥፍ ሲጎላ በማያ ገጹ ላይ ያለው እንጨት ብቻ ነው፤ ፊት ከጠርዙ ውጭ ይቀራል። ወራት ሙሉ ከእንጨት ጋር ስፋጠጥ ከንፈሬ በጎን በኩል የራሱን ፊልም እየሠራ ነበር።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር አለ። ሰይፍ ካበራ በአጠገቡ ያለውን ፊት ማብራት አለበት፤ አለዚያ በፎቶ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ይዘሉታል። እኔ አልዘለልኩትም። ፊቴ ላይ በሰይፉ ርቀት ልክ የሚደምቅና የሚደበዝዝ ሰማያዊ ብርሃን ጨመርኩ። አፍንጫው ትክክለኛ ጥላ እንዲጥል ተጨነቅሁ። ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ምስጋናው ምን ሆነ? በዚያ ፊልም ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ብርሃን የሚያገኘው፣ ወደ ሰይፉ ቀርቦ የሚያበራው አካል ከንፈሬ ሆነ። ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ 3840 በ2160 ነጥብ ጥራት ያለው ሹል ከንፈር። በግጭቱ ቅጽበት ለአንድ ፍሬም የሚፈነዳው ነጭ ብልጭታ እንኳን እንደ ፎቶግራፍ አንሺ መብራት «ክሽሽ» ስል ጥርሴን ለይቶ ያሳያል።

የአክስቴ ልጅ በፊልሙ በሙሉ አፉን ገጥሞ፣ መንጋጋውን ነክሶ፣ እውነተኛ ተፋላሚ መስሎ ነው የሚታየው። በኋላ «አንተስ እንዴት ድምፅ አላወጣህም?» ብዬ ስጠይቀው፣ «አንተ ለሁለታችንም ታወጣ አልነበር?» አለኝ። ልክ ነው። የእርሱንም ሰይፍ እኔ ነበርኩ የማሰማለት። ለዚህ ማስረጃው የመጨረሻው ትዕይንት ነው፤ ደረቴን ተወግቼ ወድቄ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣ በክብር ሞቼ ተጋድሜአለሁ። እርሱ ግን በድል ሰይፉን አንድ ጊዜ በአየር ላይ ያዞራል። ሬሳው «ቩውውው» ይላል።

ያን ምሽት ከሳቁ መሃል ምስጋና የሚመስል ነገር ከወዲያ ጥግ መጣ፦ «ብርሃኑን ግን ኮምፒውተሩ ነው አይደል የሚሠራው?» ይህን ጥያቄ ስሰማ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል። ከኮምፒውተሩ ጋር ሌሊቱን አብሬው ስላደርኩ ባሕርዩን አውቀዋለሁ፤ ራሱ አስቦ አንድ ሰይፍ ሠርቶልኝ አያውቅም። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቦታ ብትነግሩት መካከሉን በቀጥታ መስመር ይሞላዋል፤ የሚፋለም ሰው ክንድ ደግሞ በቀጥታ መስመር ሄዶ አያውቅም። ስለዚህ ተመልሶ በእጅ ማረም ነው። ማክስ ፍሌይሸር የተባለው የካርቱን ሠሪ የተቀረጸን ሰው በፍሬም በፍሬም እየተከተሉ ለመሳል የሚያስችለውን መሣሪያ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። እርሱ መስታወት ላይ ወረቀት ዘርግቶ በእርሳስ፣ እኔ በማውስ፤ ልፋቱ ያው ነው። «ኮምፒውተሩ ነው አይደል» ያለው ሰው ለራት ጠረጴዛ ያዘጋጀ ሰው ፊት «ምድጃው ነው አይደል ያበሰለው» ብሎ ይሞክራት።

ድምፁማ የተለየ ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የመጀመሪያው የስታር ዋርስ ፊልም የድምፅ ባለሙያ ቤን በርት የሰይፉን ጉርምርምታ ያገኘው ከፊልም ማሳያ ሞተር ድምፅና ከቴሌቪዥን ቱቦ ጩኸት ነው። ከዚያም ያንን በድምፅ ማጉያ አጫውቶ ማይክሮፎን ከፊቱ እያወዛወዘ ቀረጸው፤ ሰይፉ በአየር ላይ የሚያልፍ የሚመስለው ለዚህ ነው። እኔም የማቀዝቀዣውን ሞተር ቀርጬ፣ በድምፅ ማጉያ ለቅቄ፣ ስልኬን ከፊቱ ወዲያና ወዲህ ወረወርኩት። በጣም ግሩም ድምፅ ወጣው። ከከንፈሬ ጋር መግጠሙን ሲያዩ ግን ሁሉም ሰው ያንንም በአፌ የሠራሁት መሰለው። «ጎበዝ ነህ፣ የማቀዝቀዣ ድምፅ ትመስላለህ» ያለኝ ሰው አለ።

በኋላ ለመጽናናት ብዬ አነበብኩ። ተዋናዩ ኢዋን ማክግሬገር እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ሰይፉን ሲይዝ ድምፁን በአፉ ከማውጣት ራሱን መግታት እንዳቃተው ራሱ ተናግሯል። ተዋናይቷ ላውራ ደርን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ሽጉጥ ስትተኩስ ከንፈሯ «ፒው» ሲል ይታያል፤ ቆርጠው አላወጡትም፣ እዚያው ፊልሙ ውስጥ አለ። ተመልካቹም ወደደላት። እኔን ማንም አልወደደልኝም፤ ያቃጥልሃል ወይ ተባልኩ። መጽናኛ ፍለጋ ገብቼ ቅናት ይዤ ወጣሁ።

ለማስተካከል ያልሞከርኩት የለም። ከንፈሬ ያረፈበትን ብቸኛ ፍሬም ፈልጌ ቆርጬ በቀሩት ላይ ለጠፍኩት፤ ራሴን ሳዞር ከንፈሩ ዘግይቶ ጉንጬ ላይ ደረሰ። የሰይፉን ብርሃን አሰፋሁት፤ ከንፈሬን እስኪሸፍን ሲሰፋ ራሴ በሙሉ ጠፋ። የእህቴ ልጅ ጢም እንድስልበት መከረችኝ። ሳልኩበት። ጢሙ ከከንፈሩ ጋር አብሮ ሾለ።

ስለዚህ ሁለተኛውን ክፍል በሄልሜት ልንሠራው ተስማማን። ፊቱ ጥቁር ፕላስቲክ የሆነ የሞተረኛ ሄልሜት አገኘሁ፤ ገጸ ባሕርዬም ፊቱን ለማንም የማያሳይ ምሥጢራዊ ተዋጊ ሆነ። ማንም ምንም ሊያይብኝ አይችልም በሚል ነጻነት ድምፁን እንዳሻኝ ለቀቅሁት፤ ከቀድሞው በእጥፍ፣ ለሁለታችንም። የመጀመሪያው ግጭት ሳይደርስ የፕላስቲኩ ውስጥ በትንፋሼ ጉም ለበሰ። ባላጋራዬ የት እንዳለ፣ ሰይፉ ከየት እንደሚመጣ ማየት ተሳነኝ። «ቁም!» ለማለት ሞከርኩ፤ ከሄልሜቱ ውስጥ የወጣው «ዙምምም» ስለነበር የአክስቴ ልጅ ቀጥል ያልኩት መሰለው፣ እጀታውን በሙሉ ኃይሉ አውራ ጣቴ ላይ አሳረፈው።

ያን ጊዜ የወጣኝን ድምፅ ቆርጦ አስቀምጦታል። ለቀዩ ሰይፍ ይሆናል ይላል።