ደረሰኙና ሄግል

ዛሬ በርሊን ውስጥ ጫማ ገዛሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኙን እየሰጠችኝ «አውፍሄበን» አለችኝ፤ አስቀምጠው ማለቷ ነው። ማታ ዜና ላይ አንድ ሕግ መሻሩን በዚያው ቃል ሰማሁ። ልጄንም መሬት የጣለውን ካልሲ እንዲያነሳ ያዘዝኩት በዚያው ቃል ነው!

ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል የወደደው ይህንኑ ነው። መሻር፣ ማቆየት፣ ከፍ ማድረግ፣ ሁሉም በአንድ ግስ። እ.ኤ.አ. በ1807 ባሳተመው መጽሐፉ መቅድም ላይ አበባው እምቡጡን ያስወግደዋል፣ ፍሬው ደግሞ አበባውን ይላል። ግን አንዱ ከሌለ ሌላው የለም።

የኛው «ማንሳት»ም ቀላል አይደለም። ዕቃም ይነሳል፣ እገዳም ይነሳል። ማቆየቱ ብቻ ጎደለው። የሄግልን ቃል «አንስቶ ማስቀመጥ» ብዬ ልተርጉመው ይሆን? እንጃ፣ ትንሽ የጓዳ ሥራ መሰለብኝ።

ደረሰኙን ግን የት እንዳደረግኩት ጠፋኝ።